ካርፕን ይተዋወቁት፦ ተራራ በጀሪካን የሚሻገር ዓሣ

በምዕራብ ጎጃም ቢጫ ጀሪካን የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ዘይት ይዞ ከሱቅ ይመጣል፤ ዘይቱ ሲያልቅ ታጥቦ የምንጭ ውኃ ይቀዳበታል፤ ለሠርግና ለተዝካር ጠላ ይጓጓዝበታል፤ በገበያ ቀን አረቄ ተሞልቶ በአህያ ይጫናል። ይኸው 20 ሊትር የሚይዝ ዕቃ እስከ ግማሹ ውኃ ተሞልቶ፣ ጥፍር የሚያህሉ የዓሣ ጫጩቶችን በመቶ ቆጥሮ ይዞ፣ ጠዋት ከአንድ ወንዝ ዳር ቢነሣ ከሰዓት በኋላ ከተራራ ማዶ ካለ ሌላ ወንዝ ይደርሳል። ዓሣው በራሱ ክንፍ ዕድሜ ልኩን ቢዋኝ የማይደርስበት ውኃ ነው።

የዛሬው እንግዳችን እንዲህ በሰው እጅ እየተጓዘ ዓለምን ያዳረሰ ዓሣ ነው። ስሙ ካርፕ ይባላል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ሲፕሪነስ ካርፒዮ ነው። የትውልድ ውኃው ከአውሮፓው ዳኑብ ወንዝ አንሥቶ ጥቁር ባሕርን፣ ካስፒያንንና አራልን ይዞ ወደ ምሥራቅ ይዘልቃል። ቻይናውያን ከ2,000 ዓመት በላይ በኩሬ አርብተውታል፤ በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ መነኮሳት በገዳማቸው ኩሬ ለጾም ቀን ምግብነት ያሳድጉት ነበር። ዛሬም በዓለም ላይ በዓመት 4 ሚሊዮን ቶን ገደማ በእርባታ ይመረታል። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ካወጣው የ100 አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙ ሰፍሯል። ለሚሊዮኖች እንጀራ የሆነው ዓሣ ሐይቅ አበላሽ ተብሎም የተመዘገበው በምን ምክንያት እንደሆነ፣ በተለይ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ የሚኖር ሰው ሊያውቀው ይገባል። ምክንያቱ የአካባቢው የውኃ አቀማመጥ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ወራሪ ማለት ምን ማለት ነው?

"ወራሪ" የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን የለመድነው በእምቦጭ ምክንያት ነው። የደቡብ አሜሪካው አረም በጣና ላይ መታየቱ ከተመዘገበ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ገበሬው ከነቤተ ሰቡ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሲነቅል፣ ከሌላ ክልል ሳይቀር ወጣቶች በዘመቻ መጥተው ሲያግዙ አይተናል። እምቦጭ ያስተማረን አንድ ነገር አለ፦ እንግዳ ዝርያ ሲገባ በጥቂቱ ነው፤ ቀስ ብሎ ይለምዳል፤ ከለመደ በኋላ ግን ፍጥነቱ ይለወጥና ከሰው አቅም በላይ ይሆናል። መግባት፣ መላመድ፣ መስፋፋት ሦስቱ ደረጃዎች ናቸው። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ አንድ ሰው በአንድ ቃል ሊያስቆመው ይችላል። በሦስተኛው ላይ መንግሥትም አይበቃው።

እምቦጭ ግን ቢያንስ ይታያል። ከባሕር ዳር መንገድ ላይ ቆሞ አረንጓዴውን ምንጣፍ ማየት ይቻላል። ዓሣ ከውኃ በታች ነው። መኖሩ የሚታወቀው መረብ ውስጥ ሲገኝ ነው፤ መረብ ውስጥ በብዛት መገኘት ከጀመረ ደግሞ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ስለዚህ የዓሣ ወረራ ከአረም ወረራ ይልቅ ቀድሞ ማወቅን ይጠይቃል፤ ለማወቅም መልኩን መለየት ያስፈልጋል።

መልኩ

የጎጃም ሰው በወንዙና በሐይቁ በዋናነት የሚያውቃቸው ዓሦች ሦስት ናቸው። ቆሮሶ ጠፍጣፋና ሰፊ ሆኖ ጢም የለውም። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ ራሱ ድፍጥጥ ያለ፣ ረጃጅም ጢሞች ያሉት ነው። ሦስተኛው ብርማ ቅርፊት ያለው፣ በጣና ዙሪያ ነጭ ዓሣ የሚባለው የባርበስ ወገን ነው። ካርፕ ከሦስቱ የሚመስለው ይህን ሦስተኛውን ነው፤ ሁለቱም በአንድ ትልቅ የዓሣ ቤተሰብ ውስጥ የሚመደቡ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ጠንካራ ቅርፊት አላቸው፤ በሁለቱም አፍ ጠርዝ ላይ አራት አጫጭር ጢሞች አሉ። ልምድ የሌለው ሰው ቢያምታታቸው አያስደንቅም።

መለያው ጀርባቸው ላይ ነው። የባርበስ የጀርባ ክንፍ አጭር ነው፤ መሐል ጀርባው ላይ እንደ ሦስት ማዕዘን ቆሞ ያበቃል። የካርፕ ክንፍ ግን ከመሐል ጀርባው ተነሥቶ ወደ ጭራው እየሄደ ረጅም መንገድ ይሸፍናል። ከፊት ያለው የክንፉ አጥንት ወፍራም ሆኖ ከኋላው በኩል እንደ ማጭድ ጥርስ የተቆረጠ ነው፤ በጣት ወደ ላይ ቢዳሰስ ይቧጭራል። ከሆዱ በታች፣ ከጭራው አጠገብ ባለው ክንፍም ላይ ያው ዓይነት ባለ ጥርስ አጥንት አለ። የሰውነቱ ቀለም ወደ ወርቃማ ቡናማ ያደላል። በእርባታ ከተገኙት ዓይነቶች አንዱ መስታወት ካርፕ የሚባለው ሲሆን፣ ቆዳው አብዛኛው ራቁት ሆኖ ጥቂት ትልልቅ ቅርፊቶች ብቻ ተበታትነው ይታዩበታል። እንግዲህ ከወንዝ የወጣ ዓሣ አራት አጭር ጢም፣ ረጅም የጀርባ ክንፍና ባለ ጥርስ አጥንት ካለው ካርፕ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

አፉ ምን ይሠራል?

የካርፕ ታሪክ ሁሉ ያለው አፉ ውስጥ ነው። ሲመገብ ራሱን ወደ ታች፣ ጭራውን ወደ ላይ አድርጎ ያዘነብላል። ከንፈሩ እንደ አጭር ቱቦ ወደ ፊት ይወጣና ጭቃውን ከነያዘው ነገር ይስባል። ላንቃው ላይ ወፍራም ሥጋ አለ፤ በእሱ ጭቃውን እያላመጠ የሚበላውን ከማይበላው ይለያል። ትሉ፣ እጩ፣ ዘሩና ቀንድ አውጣው ወደ ውስጥ ይቀራል፤ ደለሉ በአፉና በሚተነፍስበት ስንጥቅ በኩል እንደ ጭስ ይወጣል። እናቶቻችን ጤፍ በወንፊት ሲነፉ እብቁን የሚለዩበትን ያህል ጥንቃቄ አለው፤ ልዩነቱ ካርፕ እብቁን የሚጥለው ሁሉም በሚጠጣው ውኃ ውስጥ መሆኑ ነው።

መንጋጋው ላይ አንድም ጥርስ የለም። ጥርሶቹ ከጉሮሮው ውስጥ በሦስት ረድፍ የተደረደሩ ናቸው፤ ከበላያቸው ካለ ጠንካራ ሳንቃ ጋር እንደ ወፍጮ ድንጋይ እየተፋጩ የቀንድ አውጣውን ቅርፊት ያደቃሉ። ጨጓራም የለውም፤ የተፈጨው ምግብ በቀጥታ ወደ አንጀት ይሄዳል። ጨጓራ የሌለው እንስሳ አንዴ ጠግቦ መተኛት አይችልም፤ ስለዚህ ካርፕ ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ይቆፍራል።

አንድ ካርፕ በአንድ ኩሬ ውስጥ ቢቆፍር ለውጡ ላይታይ ይችላል። በሺዎች ሲሆኑ ግን የሐይቁ ወለል ያለማቋረጥ እንደሚታረስ ማሳ ይሆናል። ከሥር የረጋው ደለል ይነሣና ውኃው ይደፈርሳል። ፀሐይ ወደ ታች ስለማትደርስ የውኃ ውስጥ ዕፅዋት ይመነምናሉ፤ ሥራቸው የተነቀለው ደግሞ ወደ ዳር ይጣላል። ከደለሉ ጋር ተኝቶ የነበረው ፎስፈረስ ስለሚነሣ ዓይን የማያየው አረንጓዴ አልጌ ይጠግብና ይባዛል። እያዩ የሚያድኑ ዓሦች የሚበሉትን ማየት ይሳናቸዋል። በዕፅዋቱ ውስጥ እንቁላላቸውን የሚደብቁ ዓሦችና ወፎች መጠለያ ያጣሉ። ካርፕ ሌላውን ዓሣ አሳድዶ መብላት አያስፈልገውም፤ ቤቱን ካፈረሰበት ይበቃል።

አረባቡ

ቆሮሶ እናት ናት። እንቁላሏን ከጣለች በኋላ አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። አፍ የሚችለው ውሱን ነውና ልጆቿ በመቶዎች ወይም በጥቂት ሺዎች ይቆጠራሉ። ካርፕ ሌላ መንገድ መርጧል። ሴቷ በየኪሎ ክብደቷ ከ100,000 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ ትልቅ ሴት በአንድ የመራቢያ ወቅት ከሚሊዮን በላይ ትጥላለች። እንቁላሉ ተጣባቂ በመሆኑ ጎርፍ ባጥለቀለቀው ሣር ላይ፣ በደንገልና በቄጤማ ላይ ይለጠፋል። ውኃው 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ በሦስት በአራት ቀን ይፈለፈላል። አብዛኛው ይበላል፣ ይጠፋል፤ ከሺህ አንዱ ቢተርፍ ግን ካርፕ አትራፊ ነው።

በዚህ ላይ ጥንካሬው ይጨመርበታል። ከበረዶ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ከፍ ካለ ቅዝቃዜ ጀምሮ እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ድረስ ይኖራል። ሌላውን ዓሣ በሚያፍን የረጋ ውኃ ውስጥ መቆየት ይችላል። በሞቃት አገር በአንድ በሁለት ዓመት ለመራባት ይደርሳል፤ በምቹ ውኃ ዕድሜው ከ15 ዓመት ያልፋል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። ቆሮሶ በእንዲህ ያለ ወይና ደጋ ላይ ስትዘገይ ካርፕ ብርዱን ይቋቋመዋል። የዓሣ እርባታ አማካሪዎች ለደጋ ኩሬ ካርፕን እንዲያስቡ የሚያደርጋቸው ይኸው ጠባዩ ነው፤ ከኩሬው ካመለጠ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ወደ አገራችን እንዴት ገባ?

ካርፕ ኢትዮጵያ የገባው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከጣሊያን መጥቶ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በአቃቂ ወንዝ ላይ ወዳለው አባ ሳሙኤል ግድብ ተለቀቀ። አቃቂ የአዋሽ ገባር ነው፤ አዋሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ ተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ይወርዳል። ቆቃ ዛሬ ካርፕ ሰፍሮ ከሚራባባቸውና ዓሣ አጥማጁም አዘውትሮ ከሚያወጣባቸው ውኃዎች አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ በሰው እጅ ወደ ዝዋይና በትግራይ ወዳለው አሸንጌ ሐይቅ ተወሰደ። በዝዋይ ዱሮ የአጥማጁ መረብ ይሞላ የነበረው በቆሮሶ ነበር። ዛሬ ካርፕና ከውጭ የመጡ ሌሎች ዘመዶቹ፣ እንዲሁም አምባዛ ትልቅ ድርሻ ይዘዋል። እርግጥ ነው ጥፋቱን ሁሉ በካርፕ ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። ዝዋይ ከልክ በላይ ተጠምዷል፤ ውኃውም ለመስኖ ብዙ ይወሰዳል። ሆኖም የተዳከመ ሐይቅ ለእንግዳው ይመቸዋል።

ለጎጃም ሰው ዋናው ወሬ ግን ከዓባይ ማዶ ነው። በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ፣ ከፊንጫአ ግድብ አጠገብ ያለው የአመርቲ ግድብ ካርፕ አለው፤ ተመራማሪዎች የዓሣውን አረባብ እዚያው አጥንተዋል። የፊንጫአ ውኃ ወደ ሰሜን ወርዶ ዓባይ በረሃ ይገባል። ከዚህ ወገን ደግሞ ብር፣ ተምጫና ፈጣም ከጎጃም ወደዚያው በረሃ ይወርዳሉ። ካርፕ በዓባይ ተፋሰስ ውስጥ ጎረቤታችን ሆኗል ማለት ነው።

የምዕራብ ጎጃም ጣሪያ

አሁን ወደ አካባቢው አቀማመጥ እንመለስ። የዝናብ ውኃ ከቤት ጣሪያ ላይ በሁለት አቅጣጫ እንደሚወርድ ሁሉ፣ ምዕራብ ጎጃምም ሁለት ገጽ ያለው ጣሪያ አለው። በሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ላይ የሚፈልቀው ውኃ ግልገል ዓባይ ሆኖ ወደ ሰሜን ይሄድና ጣና ይገባል። መራዊ አጠገብ የተሠራውና 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የታቀደው የቆጋ ግድብም የዚሁ ገጽ ነው፤ ቆጋ የግልገል ዓባይ ገባር ነውና። ከዚያው ከፍታ ወደ ደቡብ ያዘነበለው ወገን ግን ውኃውን በፍኖተ ሰላም በኩል በላህና በብር፣ በቡሬ በኩል በፈጣም አድርጎ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይሰዳል። በፍኖተ ሰላም አቅራቢያ ያለው የገራይ የመስኖ ግድብ በዚህኛው ገጽ ላይ ነው።

ሁለቱም ውኃዎች በመጨረሻ በአንድ ዓባይ ይገናኛሉ። ለሰው ሲታይ ልዩነት የላቸውም፤ ለዓሣ ግን ልዩነታቸው ትልቅ ነው። ከጣና የወጣው ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ጢስ ዓባይ ላይ ወደ 40 ሜትር ይወረወራል። ከላይ ያለ ዓሣ ከውኃው ጋር ሊወድቅ ይችላል፤ ከታች ያለው ግን ፏፏቴውን መውጣት አይችልም። በዚህ ምክንያት ጣና በታችኛው ናይል ከሚኖሩት ብዙ የዓሣ ዓይነቶች ተለይቶ ለረጅም ዘመን ኖሯል። ሐይቁን የጠበቀው ይህ የድንጋይ በር ነው።

ፏፏቴው ግን የሚጠብቀው ወንዙን ብቻ ነው። ከፈጣም ወይም ከብር ዳር ተነሥቶ በአይሱዙ ላይ ተጭኖ ወደ ግልገል ዓባይ ወገን የሚሻገረውን ጀሪካን አያየውም። በጣሪያው ደቡባዊ ገጽ ላይ ያለ ኩሬ ውስጥ ያለ ዓሣ፣ ወደ ሰሜናዊው ገጽ ኩሬ በስጦታ ወይም በሽያጭ ከተላለፈና የክረምቱ ጎርፍ ያንን ኩሬ ከሞላው፣ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ እስከ ጣና ቁልቁለት ነው።

ጣና ምን አለው?

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር፣ ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ነው። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው፣ ከተራቆቱ ተራሮችም በየክረምቱ ብዙ ደለል የሚቀበል ሐይቅ ነው። ወለሉን በሚቆፍር ዓሣ የበለጠ የሚጎዳው እንዲህ ያለው ውኃ ነው።

ውስጡ ያለው ሀብት ደግሞ በዓለም ብርቅ ነው። ከአንድ ጥንታዊ የወንዝ ባርበስ የተገኙ፣ በመልክም በአመጋገብም የተለያዩ 15 ያህል የላቤዮባርበስ ዝርያዎች በጣና ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ በሌላ በየትም አይገኙም። ከንፈረ ወፍራሙ ከድንጋይ ሥር ትል ይፈልጋል፤ ቀጭኑና ፈጣኑ ትንንሽ ዓሣ ያሳድዳል። ከአሥራ አምስቱ ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። መንጋጋ ላይ ጥርስ፣ ውስጥም ጨጓራ በሌለው የካርፕ ቤተሰብ ውስጥ ይህን ያህል አዳኝ በአንድ ሐይቅ መገኘቱ የሥነ ሕይወት ሊቃውንትን ያስደነቀ ነገር ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሰውና ተፈጥሮ ክልል ሆኖ ሲመዘገብ ከያዛቸው ሀብቶች አንዱ ይህ የዓሣ ወገን ነው።

ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው እንደ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይዋኛሉ። ንጹሕ ጠጠር ላይ፣ አየር የሞላው ወራጅ ውኃ ውስጥ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በወንዝ አፍ ላይ ተሰብስበው ሲወጡ ግን መረብ ይጠብቃቸዋል፤ የተፈጨ የብርብራ ፍሬ ውኃ ውስጥ ተጨምሮ እንዲሰክሩም ይደረጋል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በተደረገ ክትትል በወንዝ የሚራቡት ዝርያዎች ቁጥር በሦስት አራተኛ ያህል ማሽቆልቆሉ ታውቋል። ከዚያ ወዲህ አሸዋ ማውጣቱ፣ በወንዞቹ ላይ ግድብ መሠራቱና እምቦጩ ተጨምረዋል። በዚህ ሁሉ ላይ ደለል የሚያነሣና በየጎርፉ ሣር ላይ በመቶ ሺህ የሚራባ ተፎካካሪ ቢመጣ፣ ባርበሶቹ የሚያጡት ንጹሕ ውኃ ነው፤ የሚጠፉትም ከጣና ብቻ ሳይሆን ከምድር ነው።

ሌሎች ያዩት

ይህ የሩቅ ሥጋት አይደለም። የኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ ከፍታው 1,890 ሜትር ገደማ ነው፤ የፍኖተ ሰላምን ያህል ማለት ነው። ካርፕ በዚያ ሐይቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ የመጣውም ከሐይቁ በላይ ካለ የዓሣ እርባታ በጎርፍ አምልጦ እንደሆነ ይታመናል። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አጥማጆቹ ከሚያወጡት ዓሣ አብዛኛው ካርፕ ሆነ። ያንን ሐይቅ የለወጠው የአንድ ዝናባማ ወቅት ጎርፍ ነበር፤ ከገበሬ ኩሬ ጎን የሚያልፍ የጎጃም ክረምት ጎርፍም ከዚያ አያንስም።

አውስትራሊያ ካርፕን ያወቀችው ቀደም ብሎ ነው። ከእርባታ ያመለጠ ዓይነት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ መሪ ዳርሊንግ ተፋሰስ ገባ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ የመጡት ትልልቅ ጎርፎች በተኑት። ዛሬ በተፋሰሱ አንዳንድ ክፍሎች ከዓሣው ጠቅላላ ክብደት ከ80 በመቶ በላይ ካርፕ ነው። መንግሥቱ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካርፕን ብቻ የሚይዝ ቫይረስ ወደ ወንዞቹ ስለመልቀቅ እስከ ማስጠናት ደርሷል። ሀብታም አገር በሽታ እስከ መልቀቅ ካሰበ፣ የገባ ካርፕን ማስወጣት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

የቪክቶሪያ ሐይቅ ታሪክ ደግሞ ስለ ሌላ ዓሣ ነው፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ናይል ፐርች ለምግብና ለንግድ ተብሎ ተለቀቀ። ሠላሳ ዓመት ያህል ዝም አለ። በ1980ዎቹ በድንገት ተባዛና በዚያ ሐይቅ ብቻ ይገኙ ከነበሩ ትንንሽ ዓሦች 200 ያህል ዝርያዎች እንደጠፉ ይገመታል። ንግዱ ገንዘብ አምጥቷል፤ ብዙ ቤተ ሰብም አብልቷል። የጠፋውን ዝርያ ግን የሚመልስ ገንዘብ የለም።

ታዲያ ዓሣ አናርባ ወይ?

እናርባ እንጂ። ይህን የምጽፈው ገበሬው ኩሬ እንዳይቆፍር አይደለም። በሁዳዴ የዓሣ ዋጋ የት እንደሚደርስ፣ ሥጋ በብዙ ቤት የበዓል ምግብ ብቻ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከጓሮው ምንጭ ውኃ ያለው የጃቢ ጠህናን ወይም የቡሬ ገበሬ፣ በቆሎውንና በርበሬውን በሚያጠጣበት ውኃ ዓሣ ቢያረባ ለልጆቹ ትልቅ ሀብት ነው። አገራችንም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አላት፤ ልማቱም ጥበቃውም በሕግ ታስቦበታል ማለት ነው።

ጥያቄው የትኛው ዓሣ፣ ከየት፣ ወደ የት የሚለው ነው። ጣናም ዓባይም የራሳቸው ቆሮሶና አምባዛ አላቸው። ከዚያው ተፋሰስ የተገኘ ቆሮሶ ቢያመልጥ ወደ ወገኖቹ ይቀላቀላል፤ ካርፕ ቢያመልጥ ግን አዲስ ታሪክ ይጀምራል። የአገር ውስጥ ዓሣ እንኳ ወደማይኖርበት ውኃ ሲወሰድ ነገር ይለውጣል። ቆሮሶ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሐይቅ ተብሎ ወደሚጠራው የወሎ ሐይቅ ከተለቀቀ በኋላ የውኃው ጥራትና በውስጡ ያሉት ጥቃቅን እንስሳት ተለውጠዋል። ስለዚህ "የአገራችን ዓሣ ነው" ማለት ብቻውን በቂ አይደለም፤ "የዚህ ወንዝ ዓሣ ነው ወይ?" ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ኩሬ ያለው ሰው ሊያደርጋቸው የሚገቡ ነገሮች ከባድ አይደሉም። ኩሬው ከወንዝ ዳርና ከጎርፍ መሄጃ ይራቅ፤ ዙሪያው በአፈር ክትር ይጠንክር። ውኃ በሚገባበትና በሚወጣበት ቦይ ላይ ጫጩት የማያሳልፍ ወንፊት ይደረግ፤ ወንፊቱም በሐምሌና በነሐሴ በየዕለቱ ይታይ። ጫጩት ሲፈለግ ከጎረቤት ኩሬ ከመቅዳት ይልቅ የወረዳው የግብርና ባለሙያ ይጠየቅ፤ በባሕር ዳር ያለው የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ለዚሁ የቆመ ተቋም ነው። ኩሬ ውስጥ ካርፕ ያለው ሰው ደግሞ ቢበላው፣ ጠብሶም ወጥ ሠርቶም ለገበያ ቢያወጣው ነውር የለበትም፤ አጥንቱ ቢበዛም ሥጋው ጥሩ ነው። ሕያው ሆኖ ከኩሬው እንዳይወጣ ብቻ ይጠንቀቅ። ማስወገድ ከፈለገም በበጋ ኩሬውን አጠንፍፎ መሬቱ እስኪሰነጠቅ ማድረቅ ነው፤ በትንሽ ኩሬ የሚቻለው ይህ ዘዴ በሐይቅ ላይ አይሠራም።

በወንዝ ዳር የሚያድጉ ልጆችም ትልቅ ሥራ አላቸው። በላህ፣ በብርና በፈጣም መንጠቆ ይዘው የሚውሉት እነሱ ናቸው፤ እንግዳ ዓሣ ቢመጣ ከማንም ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው። መምህራን አራቱን ጢም፣ ረጅሙን የጀርባ ክንፍና ባለ ጥርሱን አጥንት በሰሌዳ ላይ ሥለው ቢያሳዩአቸው፣ የአካባቢው ውኃ ያለ ደመወዝ የሚጠብቁት በሺህ የሚቆጠሩ ዘበኞች ያገኛል። እንዲህ ያለ ዓሣ ያገኘ ልጅ ወደ ውኃው ሳይመልስ ይዞት ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሂድ።

እምቦጭን ስንነቅል የከፈልነው ድካም ያልገባውን ለመከልከል ከሚያስፈልገው ድካም ጋር አይወዳደርም። ጣሪያው ላይ የምንኖር እኛ ነን፤ ከላይ የለቀቅነው ነገር የሚወርደው ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሕያው ዓሣ ያለበት ጀሪካን በእጅዎ ከገባ፣ ይዘውት ከመነሣትዎ በፊት ዓሣው ምን እንደሆነ፣ ከየትኛው ወንዝ እንደመጣና የሚለቀቀው ወደ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። ከሦስቱ የአንዱን መልስ ካላገኙ፣ ጀሪካኑ ከነበረበት አይነሣ።